ለራስ ዳሸን ጉዞ የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳ፦ ምን ልቀንስ?

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ሰዎች፣ ስድስት ቀን፣ ከደባርቅ በሳንቃበርና በጨነቅ አድርጎ ራስ ዳሸን። ቦርሳው 620 ግራም መዘነ፤ ከ400 በታች እንዲሆን እፈልጋለሁ።

የአዮዲን ጠርሙሱ ወጥቷል። ቁስል ማጠቢያ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅና ንጹሕ የመጠጥ ውኃ ይበቃል። ከፕላስተሩ ጥቅል 2 ሜትር ብቻ በእርሳስ ቁራጭ ላይ ተጠምጥሟል። ክኒኖቹን ግን ከነማሸጊያቸው ትቻቸዋለሁ፤ ማሸጊያው ሲቆራረጥ ስሙና የማብቂያ ቀኑ አብሮ ይጠፋል፣ ማታ በባትሪ ብርሃን ደግሞ ነጭ ክኒን ሁሉ አንድ ነው። ጓንት አልቀንስም።

ያስቸገረኝ ኦአርኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ውኃና ጨው ለመተካት በውኃ የሚበጠበጠው ዱቄት) ነው። አንዱ ከረጢት 20.5 ግራም ነው፤ ስድስቱ 123 ግራም። ስኳርና ጨው ከማብሰያው ስንቅ ጋር ስለሚሄድ፣ ለ1 ሊትር 6 ያልተከመረ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው መበጥበጥ ይቻላል። የምፈራው ልኬቱን ነው፤ እጅ በብርድ ደንዝዞ ጨው ከበዛ በተቅማጥ የተዳከመውን ሰው ይብሱን ይጎዳዋል። ሁለት ከረጢት ለመጠባበቂያ ይዤ ሌላውን ብተወው ምን ትላላችሁ?

ሌላው ተረከዝ ነው። ውኃ እንዳይቋጥር ጠዋት የሚለጠፈው ፕላስተር፣ ጠርዙ ክብ ተደርጎ ተቆርጦም ቢሆን፣ ቁልቁለት ላይ ካልሲው ውስጥ ይጠቀለላል። ማታ እግር ታጥቦ በደንብ ከደረቀ በኋላ ለጥፎ ማደር ይሻላል?

ለተሰበረ ክንድ ማንጠልጠያስ ነጠላ ይበቃል ወይስ ሁለተኛ ፋሻ ልያዝ?