ኤችኤልኤ-ቢ ላይ አንድ አሌል ብቻ ወጣ፤ ሆሞዚገስ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የኩላሊት ለጋሽ ናሙና ላይ ኤችኤልኤ (ለንቅለ ተከላ መጣጣም የሚታዩ ጂኖች) በፒሲአር-ኤስኤስፒ (እያንዳንዱን አሌል በራሱ ፕራይመር ዲኤንኤ በማባዛት የሚለይ ምርመራ) ሠርተን ኤችኤልኤ-ኤ ላይ ሁለት፣ ቢ ላይ ግን አንድ አሌል (የአንድ ጂን ዓይነት) ብቻ አገኘን። ደሙ የመጣው በሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ) ቱቦ ነው። ሆሞዚገስ (ከሁለቱም ወላጆች አንድ ዓይነት አሌል የወረሰ) ብሎ ውጤት መስጠት ይቻላል?

መልስ 1፦ ገና ነው። መጀመሪያ ጄሉን (የተባዛው ዲኤንኤ እንደ መስመር፣ ማለትም ባንድ፣ የሚታይበትን) መልሳችሁ እዩት። የአሌሉም የውስጥ መቆጣጠሪያውም (ምርመራው መሥራቱን የሚያሳየው) ባንድ የሌለበት ጉድጓድ ካለ፣ እሱ አልሠራም እንጂ ኔጋቲቭ አይባልም። የምጠረጥረው ሄፓሪኑን ነው፤ ታክ ፖሊመሬዝን (ዲኤንኤ የሚያባዛውን ኢንዛይም) ያግዳል። በኢዲቲኤ (ሌላው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ)፣ ባለ ሐምራዊ ክዳኑ ቱቦ፣ እንደገና ይቀዳ። የዲኤንኤውንም ንጽሕና ለኩ፤ 260/280 (በ260 እና በ280 ናኖሜትር የሚመጠጠው ብርሃን ንጽጽር) ከ1.8 በጣም ካነሰ ፕሮቲን ቀርቶበታል።

መልስ 2፦ ባንዱ ሁሉ ደህና ቢሆንም አላለቀም። የኪቱ ፕራይመሮች (ማባዛቱ የሚጀምርባቸው አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች) የተሠሩት ለታወቁ አሌሎች ስለሆነ ያልተለመደው ሳይታይ ያልፋል። ርካሹ መፍትሔ ወላጆችን መመርመር ነው። እነዚህ ጂኖች ክሮሞዞም 6 ላይ ተጠጋግተው ስላሉ አብዛኛውን ጊዜ እንደ አንድ ጥቅል ይወረሳሉ። አባትም እናትም ያንን አሌል ከያዙ ሆሞዚገስ መሆኑ ያስኬዳል፤ አንዳቸው ላይ ከሌለ አንድ አሌል አምልጧችኋል። ወላጅ ካልተገኘ ወደ ሲኩዌንሲንግ (የዲኤንኤውን ቅደም ተከተል ማንበብ) ነው።

መልስ 3፦ የሄፓሪኑን ደም ግን አትጣሉት! ለክሮስማች (የተቀባዩ አንቲቦዲ የለጋሹን ሴሎች ያጠቃ እንደሆነ የሚያይ ምርመራ) ሕያው ሊምፎሳይት (ነጭ የደም ሴል) ስለሚፈለግ ይጠቅማል፤ ፍሪጅ ሳይገባ በክፍል ሙቀት ይቆይ። ፖዘቲቭ ከወጣ የተቀባዩን ሴረም (የደሙን ፈሳሽ ክፍል) በዲቲቲ (አይጂኤም የተባለውን የአንቲቦዲ ዓይነት በሚያፈርስ ኬሚካል) አክማችሁ ድገሙት። ያኔ ኔጋቲቭ ከሆነ አይጂኤም ነው፣ ብዙ ጊዜም ኦቶአንቲቦዲ (የራስን ሴል የሚያጠቃ አንቲቦዲ)። ፖዘቲቭ ሆኖ ከቀጠለ አይጂጂ (ሌላው የአንቲቦዲ ዓይነት፣ በሌላ ሰው ሴል ላይ የተሠራ ሊሆን የሚችል) ጠርጥሩ፤ ተቀባዩ ደም ወስዶ እንደሆነ፣ ሴት ከሆነችም አርግዛ እንደነበር ጠይቁ።