የደመወዝ መዝገብ ለውጭ ተቋራጭ ሲሰጥ የሠራተኛው ምስጢር እንዴት ይጠበቃል?

ጥያቄ፦ የሰው ሀብት ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ፣ የሙያ ባልደረቦቼ። የምሠራበት ፋብሪካ ከስድስት መቶ በላይ ቋሚ ሠራተኞች አሉት። እስካሁን ደመወዝ የምናዘጋጀው በኤክሴል ሲሆን፣ ዘንድሮ የደመወዝ ሶፍትዌር እንዲሠራልን ከአንድ የውጭ ድርጅት ጋር ተዋውለናል። የድርጅቱ ባለሙያዎች ሥርዓቱን ለመሞከር የአሥራ ሁለት ወር የደመወዝ መዝገብ እንዳለ እንዲላክላቸው፣ በተጨማሪም የእያንዳንዱን ሠራተኛ የግል ማኅደር ስካን አድርገን እንድንሰጣቸው ጠይቀዋል። ውላችን ስለ ምስጢር ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «ተቋራጩ የአሠሪውን ምስጢር ይጠብቃል» ይላል።

እጅግ ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። ባለፈው ሳምንት ሥራው እንዳይዘገይ ስለተጣደፍሁ የሁለት ወሩን መዝገብ ለአንድ ባለሙያቸው በቴሌግራም ልኬያለሁ። ማታ ቤቴ ሆኜ ፋይሉን ደግሜ ስከፍተው ስም፣ የባንክ ሒሳብ፣ የፋይዳና የስልክ ቁጥር ከያዘው ሺት ኋላ የሕመም ፈቃድ ማስታወሻዎች የሰፈሩበት ሌላ ሺት ተደብቆ አገኘሁ። ሠራተኞቹ ይህን ወረቀት ያስረከቡት እኔን አምነው ስለሆነ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ለተቋራጩ በእርግጥ የሚያስፈልገው ምን ያህሉ ነው? ምኑን አስቀርቼ ምኑን ልስጥ? አስቀድሜ የላክሁትንስ ምን ላድርገው?

መልስ፦ ጡረታ የወጣች የአስተዳደር ኃላፊ

እህቴ ወይም ወንድሜ፣ ጥያቄውን በማንሳትዎ አመሰግናለሁ። ብዙዎቻችን የሕክምና ማስረጃውን በቁልፍ እንዘጋና የደመወዝ መዝገቡን እንደ ተራ የቁጥር ዝርዝር እናየዋለን። በእኔ ልምድ ግን ከሕክምና ማስረጃው ይልቅ የሰውን ገመና የሚያወጣው የተቀናሽ ዓምድ ነው።

አንድ ረድፍ ብቻ ወስደው ይመልከቱት። የሠራተኛ ማኅበር መዋጮ የሚቆረጥበት ሰው የማኅበር አባል መሆኑ ታወቀ ማለት ነው። በፍርድ ቤት ትዕዛዝ የሚቆረጥ ቀለብ ካለ ትዳሩ መፍረሱ ወይም በልጅ ጉዳይ መከሰሱ ታወቀ። የብድርና ቁጠባ ተቀናሹ የዕዳውን ልክ ይናገራል፤ የወጪ መጋራት ተቀናሽም ከዩኒቨርሲቲ የወጣውንና ያልወጣውን ይለያል። የሕመም ፈቃድ ክፍያ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት 50 በመቶ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ስለሆኑ፣ ደመወዙ ድንገት በግማሽ የወረደ ሰው ከአንድ ወር በላይ መታመኑን ለማወቅ የሐኪም ወረቀት ማየት አያስፈልግም።

ቀድሞ በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ለውጭ ሰው የተሰጠ የተቀናሽ ዝርዝር ታትሞ ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ ነበር። አንድ ጸጥተኛ የማሽን ኦፕሬተር ቀለብ እንደሚቆረጥበት የሥራ ባልደረቦቹ ያወቁት በዚያ ወረቀት ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ሥራውን ለቀቀ፤ ዛሬም ሳስታውሰው ይቆጨኛል።

የግል ማኅደሩን በተመለከተ በፍጹም አይስጡ። ለደመወዝ ስሌት የሚጠቅም ነገር የለውም፤ በውስጡ ግን የሌሎች ሰዎችም ጉዳይ አለ። የሠራተኛው ተያዥ ያስገባው የመታወቂያ ቅጂና የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ የተያዡ እንጂ የእናንተ ሠራተኛ ንብረት አይደለም፤ ተያዡ ለዋስትና የፈረመበትን ወረቀት ለሶፍትዌር ሠሪ አሳልፎ ለመስጠት ማንም ፈቃድ አልሰጠዎትም። በቆዩ ማኅደሮች ውስጥ ያሉት አሮጌ የቀበሌ መታወቂያዎችም ብሔር የተጻፈባቸው ሊሆኑ ይችላሉ።

መልስ፦ የመረጃ ሥርዓት ባለሙያ

ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ የቴክኒኩን ጎን ልጨምርበት።

የተደበቀ ሺት የገጠመዎት እርስዎን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የሰሜን አየርላንድ ፖሊስ ለቀረበለት የመረጃ ጥያቄ መልስ ሲሰጥ፣ በኤክሴል ፋይሉ ውስጥ የተደበቀ ሺት ስለነበር የ9,483 ባልደረቦቹ ስም፣ ማዕረግና የሥራ ክፍል ለሕዝብ ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመትም የ750,000 ፓውንድ ቅጣት ተጣለበት። በኤክሴል መደበቅ ማጥፋት አይደለም፤ ፊልተርም ረድፉን ከዓይን ይሰውራል እንጂ ከፋይሉ አያወጣውም። ፒቮት ቴብል (ከሌላ መረጃ ላይ የሚሠራ የኤክሴል ማጠቃለያ ሠንጠረዥ) ካለም የተሠራበትን ዋና መረጃ በውስጡ ይዞ ሊጓዝ ይችላል። ስለዚህ ከነባሩ ፋይል ላይ እየቀነሱ መላክ ሳይሆን ባዶ ፋይል ከፍተው የሚፈቀዱትን ዓምዶች ብቻ ዋጋቸውን ገልብጠው ማስገባት፣ ከዚያም በሲኤስቪ (ተራ ጽሑፍ ብቻ በሚይዝ የፋይል ዓይነት) አስቀምጠው በኖትፓድ ከፍቶ ማየት ይሻላል። በኖትፓድ የሚታየው ፋይሉ የያዘው ሁሉ ስለሆነ የሚደበቅ ነገር አይኖርም።

ስምን አጥፍቶ በምትኩ ከስልክ ቁጥር የተሠራ ሀሽ፣ ማለትም ቁጥሩ በቀመር ተሰልቶ የሚወጣ ትርጉም አልባ የሚመስል ኮድ፣ ማስገባት በቂ ነው የሚሉ አሉ፤ አይበቃም። የአገራችን የሞባይል ቁጥር በ09 ወይም በ07 ጀምሮ ስምንት አኃዝ ስለሚከተለው ሊኖሩ የሚችሉት ቁጥሮች 200 ሚሊዮን ብቻ ናቸው፤ ተራ ላፕቶፕ ሁሉንም በአጭር ጊዜ አስልቶ ባለቤቱን ያገኛል። አሥር አኃዝ ያለው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም ቢሆን ብዙ አያስቸግርም። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ከምንም ነገር ያልተሰላ የዘፈቀደ መለያ ስጡት፤ ስሙን ከመለያው ጋር የሚያገናኘው ሠንጠረዥ ከሰው ሀብት ክፍል እንዳይወጣ። ስምን ማስቀረት በእኛ አገር ከሌላው ይበልጥ ያስፈልጋል፤ የሰው ስም ከነአያቱ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ሃይማኖቱንና የመጣበትን አካባቢ ያስገምታልና።

እውነቱን ለመናገር ግን ለሙከራ እውነተኛ ሰው ጨርሶ አያስፈልግም። ሶፍትዌር የሚፈተነው በአስቸጋሪ ሁኔታዎች ነው፦ በወሩ አጋማሽ የተቀጠረ፣ በወሊድ ፈቃድ ላይ ያለች፣ የቀን ትርፍ ሰዓት በ1.5፣ የሌሊት በ1.75፣ የዕረፍት ቀን በ2፣ የበዓል ደግሞ በ2.5 ተባዝቶ የሚከፈለው፣ ተቀናሾቹ የደመወዙ አንድ ሦስተኛ ላይ የደረሱበት ሠራተኛ፣ ጡረታ በሠራተኛው 7 በመቶ በአሠሪው 11 በመቶ ሲሰላ። አርባ ያህል የፈጠራ ሠራተኞችን በእነዚህ ሁኔታዎች አዘጋጅታችሁ፣ ትክክለኛውን የተጣራ ክፍያ በእጅ አስልታችሁ ብትሰጧቸው ከአሥራ ሁለት ወር እውነተኛ መዝገብ የተሻለ ፈተና ነው፤ የብዙው ሠራተኛ እውነተኛ መዝገብ በየወሩ ያንኑ ስሌት ይደግማልና። እውነተኛው መረጃ ሥርዓቱ ከጸደቀ በኋላ በእናንተው ሰርቨር ላይ፣ በእናንተው ሰው እጅ ይግባ።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የፈጠራ መዝገቡን ከዛሬ ጀምሮ አዘጋጃለሁ። አለቃዬ ግን «ድርጅቱ የታወቀ ነው፣ ውልም አለን፣ ቢያፈስሱ ተጠያቂው እነሱ ናቸው» ይላሉ። በሕግ ይህ ልክ ነው? አስቀድሞ የሄደውስ ፋይል?

መልስ፦ የሠራተኛ ጉዳዮች ጠበቃ

የአለቃዎ አስተያየት ልክ አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ዳታው ለምንና እንዴት እንደሚሠራበት የሚወስነውን ወገን ተቆጣጣሪ ይለዋል፤ ያ ፋብሪካችሁ ነው። ሶፍትዌር ሠሪው በእናንተ ስምና በእናንተ መመሪያ የሚሠራ ነው። ሥራውን ለሌላ መስጠት ኃላፊነቱን ከእናንተ አያወርድም። ጤናን፣ ብሔርንና ሃይማኖትን የመሳሰሉ መረጃዎች ደግሞ በአዋጁ የተለየ ጥበቃ አላቸው፤ አዋጁን የሚያስፈጽመው የመንግሥት አካልም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከዚህ አዋጅ በፊትም ቢሆን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቅ ነበር።

ድርጅቱ የታወቀ መሆኑም ዋስትና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በብሪታንያ ሞሪሰንስ በተባለው የሱፐርማርኬት ድርጅት ወደ 100,000 የሚጠጉ ሠራተኞች የደመወዝ መረጃ በኢንተርኔት ተለቀቀ። የለቀቀው የውጭ ጠላፊ ወይም ተቋራጩ አልነበረም፤ ፋይሉን ለውጭ ኦዲተር እንዲያስረክብ የታመነው የራሱ የድርጅቱ ሠራተኛ ለራሱ አንድ ቅጂ አስቀርቶ ነበር። ስለዚህ በሁለቱም ወገን ፋይሉን የሚነካው ሰው በስም የታወቀና ቁጥሩ የተወሰነ ይሁን።

ያን አንድ ዓረፍተ ነገር በተጨማሪ ስምምነት ይተኩት። የትኞቹ ዓምዶች ለየትኛው ሥራ እንደሚሰጡ፣ ሰርቨሩ የት አገር እንደሚገኝ፣ ያለ ጽሑፍ ፈቃዳችሁ ለሌላ ንዑስ ተቋራጭ እንዳይተላለፍ፣ መረጃ ካመለጠ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቋችሁ፣ ሥራው ሲያልቅም ከመጠባበቂያ ቅጂው ጭምር መጥፋቱን ፈርመው እንዲያረጋግጡ ይጻፍበት። 24 ሰዓት ያልሁት ለባለሥልጣኑ የማሳወቅ ግዴታ በእናንተ ላይ ስለሆነና ጊዜው አጭር ስለሆነ ነው።

ስለተላከው ፋይል፣ እባክዎ ዛሬውኑ ለኃላፊዎ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ መደበቁ ከስህተቱ የከፋ ጉዳት ያመጣል። በቴሌግራም ላይ ለሁለታችሁም እንዲጠፋ አድርገው ይሰርዙት፤ ይሁን እንጂ ፋይሉ ወደ ባለሙያው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ወርዶ ከሆነ ያ ቅጂ ከነበረበት አይነቃነቅም። ስለዚህ ለድርጅቱ በደብዳቤ ጽፈው ፋይሉን ማን እንደከፈተው፣ ለማን እንዳስተላለፈው፣ የት እንዳስቀመጠው በስም እንዲመልሱና መሰረዙን እንዲያረጋግጡ ይጠይቁ። በተደበቀው ሺት ላይ የሕመም ማስታወሻ የተጻፈባቸውን ሠራተኞች ደግሞ አንድ በአንድ፣ በር ዘግታችሁ ለብቻቸው ንገሯቸው። ከሌላ ሰው አፍ ሳይሰሙት ከእናንተ መስማት ይገባቸዋል፤ ማስታወሻውን ለማን እንደሚያሳዩና ለማን እንደማያሳዩ የመወሰን መብቱም የእነሱ ነበር።