ፊያሜታን ሆና የምትተውነው ማን ናት? (ስለ ዋሊያዎቹም ጥያቄ አለኝ)

የጌዛ ባንዳው

ሁለት ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ፤ አንዱ ስጋት ነው፣ ሌላው ተስፋ። ስጋቱ ረዘም ይላልና ታገሡኝ።

የበዓሉ ግርማ ልብ ወለድ «ኦሮማይ» አንድ ቀን ፊልም መሆኑ አይቀርም። ይሠራል ብሎ የነገረኝ ሰው የለም፤ ግን ስለላ አለው፣ ጦርነት አለው፣ ፍቅር አለው፣ ፕሮዲዩሰር ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል? እንደ ማንኛውም አንባቢ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ይሁንና ነገሩን ባሰብኩ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣብኝ ፖስተሩ ነው። የመጽሐፉ አስመራዊት ፊያሜታ ጊላይ ተብላ የቆመችው በየአደባባዩ የሳሙና ማስታወቂያ ላይ የምናውቃት ልጅ ናት። ቅንድቧ ተስሏል፣ ጥፍሯ ረዝሟል፣ ጸጉሯ በ1974 ዓ.ም. አስመራ ውስጥ ማንም ያላየው ጸጉር ነው። ከጎኗ ዋናው ገጸ ባሕርይ ፀጋዬ ኃይለ ማርያም ሸሚዙን እስከ ደረቱ ከፍቶ ወደ እኛ ሽጉጥ ያነጣጥራል።

ለምን እንደምጨነቅ ልንገራችሁ። አባቴ የሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት ባልደረባ ስለነበር ልጅነቴ ያለፈው አስመራ፣ ጌዛ ባንዳ ውስጥ ነው። አመሻሽ ላይ ከተማው በሙሉ ወደ ትልቁ ጎዳና ይወጣል፤ ከዘንባባዎቹ ሥር ወዲያና ወዲህ መመላለስ ነው፣ ሌላ ሥራ የለም። የአስመራን ሴቶች ልብ ብዬ ያየኋቸው እዚያ ነው። አይቸኩሉም። ቡና ቤት ገብተው ማኪያቶ ሲያዝዙ አስተናጋጁን ቀና ብለው አያዩትም፤ ድምፃቸውን ብቻ ይልኩለታል፣ እሱም ይሮጣል። ቀሚሳቸው ውድ ላይሆን ይችላል፤ በልካቸው የተሰፋ መሆኑ ግን ከሩቅ ይታወቃል። መጽሐፉን ሳነብ ፊያሜታ የታየችኝ በዚህ አረማመድ ነው። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ተዋናይት ይህንን ከየት ታመጣዋለች? አማርኛዋስ? ፊያሜታ አፏን በከፈተች ቁጥር ከአማርኛው ሥር ትግርኛ፣ ከትግርኛው ሥር ጣሊያንኛ መሰማት አለበት። የቦሌ አማርኛ ከተናገረች ገንዘቤን ሳልጠይቅ ከሲኒማ ቤቱ እወጣለሁ።

ቆንጆ መሆኗ አይካድም፤ በዓሉም አልደበቀውም። ነገር ግን ጉዳዩ መልክ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ አዲስ አበባ ላይ እጮኛው ሮማን ኅለተወርቅ የምትጠብቀው ፀጋዬ ያን ያህል ባልተንገዳገደ ነበር። ተመልካቹ ሊወዳትም ሊጠረጥራትም ይገባል፤ ያውም በአንድ ትዕይንት ውስጥ። ያላነበባችሁ ስላላችሁ መጨረሻዋን አልናገርም።

ፀጋዬም ያሳስበኛል። ታሪኩን የሚነግረን እሱ ነው፤ ደርግ ኤርትራ ውስጥ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ፕሮፓጋንዳ ሊመራ አስመራ የሄደ ጋዜጠኛ። ጀግና አይደለም፤ የሚያይ፣ የሚታዘብ፣ በራሱም የሚስቅ ሰው ነው። በዓሉ ራሱ በዚያ ዘመቻ ውስጥ ነበረበት። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. እንደ ወጣ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ሥራውን አጣ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ይህን ያህል የተከፈለበት ገጸ ባሕርይ ደረቱን ለሚነፋ ልጅ ሲሰጥ ማየት አልፈልግም። እና ምን ትላላችሁ፤ ታዋቂ ፊት ይሻላል ወይስ የማናውቀው?

ወደ ተስፋው ልምጣ። አባቴ ስለ ጦርነት አያወራም ነበር፤ ስለ ኳስ ከጀመረ ግን ማን ያስቆመዋል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎና ወንድሙ ኢታሎ የአስመራ ልጆች ነበሩ፤ ሁለቱም በዚያ ጨዋታ አግብተዋል። ከዚያ ወዲህ ዋንጫ የለም፤ ሜዳም አጥተን ቆይተናል። በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ጅቡቲን 6 ለ 1 ስናሸንፍ እንኳ የተጫወትነው ሞሮኮ ነው። የ2027ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ግን ኬንያ፣ ታንዛኒያና ኡጋንዳ ይካሄዳል። ካለፍን በሞያሌ በኩል በአውቶቡስ ናይሮቢ እገባለሁ፤ ጉልበቴ ይችለዋል። የቸገረኝ አጥቂው ነው። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና በአንድ የውድድር ዘመን 29 ጎል ሲያስቆጥር «በቃ፣ ተገኘ» ብዬ ነበር። አሁን ማንን እንጠብቅ?

ሰላማዊት ከካዛንቺስ

ጋሼ፣ ሁላችሁም ስለ ፊያሜታ ትጨነቃላችሁ፤ ለሮማን የሚያስብላት ሰው ግን እስካሁን አላየሁም። ፊልም ሠሪዎቻችን የተተወች እጮኛ ሲያገኙ ምን እንደሚያደርጓት አውቃለሁ። መስኮት አጠገብ ያቆሟታል፣ ዝናብ ያዘንቡባታል፣ ዋሽንት ይነፉላታል። ከዚያ ወደ አስመራ ይመለሳሉ።

የእኔ ሐሳብ ይኸውና። ታዋቂዋን ተዋናይት ለሮማን ስጧት። የምንወዳት፣ ገና ስትገባ አዳራሹ የሚያጨበጭብላት ትሁን። ተመልካቹ «እንዴት ይህችን ትቶ?» እያለ ይቆጣ፤ የፀጋዬ ጥፋት ክብደት የሚኖረው ያኔ ነው። ፊያሜታ ደግሞ ከቴአትር ትምህርት ቤት የወጣች፣ ማንም የማያውቃት ልጅ ትሁን። ፀጋዬ እንዳላወቃት እኛም አንወቃት። ከዚህ በፊት በሌላ ድራማ ላይ ስታለቅስ ያየናትን ሴት ማን ይጠረጥራታል?

ዘንባባ ካስፈለገ ባሕር ዳር ሞልቷል። ኳሱን ለባለቤቶቹ ትቻለሁ፤ ጎል መግባቱን የማውቀው ወንድሞቼ ሲጮሁ ነው።

ወዲ አስመራ

ሰላም ጋሼ፣ አረማመዱን አገኙት። እናቴ ዛሬም ስቶክሆልም ውስጥ እንደዚያው ናት፤ በረዶ ላይ እንኳ አትቸኩልም።

በአማርኛው ግን አልስማማም። በዚያ ዘመን አስመራ የተማረ ሰው አማርኛን ያገኘው ከጎረቤት አይደለም፣ ከመምህርና ከመጽሐፍ ነው። እናቴ ስትናገር አንድም ፊደል አይዋጥም፤ አዲስ አበባ ያደጉት ጓደኞቿ «አንቺ ዜና የምታነቢ ነው የሚመስለው» ይሏታል። ትግርኛዋ የሚያስታውቅባት ስትናደድ ብቻ ነው፤ ያኔ «ቀ» ከጉሮሮዋ መውጣት ይጀምራል። ጣሊያንኛውም እንደሚባለው በየዓረፍተ ነገሩ የሚረጭ አይደለም፤ የሚመጣው መኪና ሲበላሽና የዕቃ ስም ሲጠራ ነው።

ስለዚህ የእኔ ፍርሃት ከእርስዎ ተቃራኒ ነው። ተዋናይቷ ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምራ ቀልደኞች ሰው ለማሳቅ እንደሚያደርጉት አማርኛውን እየሰበረች ብትናገርስ? ያን ጊዜ የምወጣው እኔ ነኝ። ፊያሜታ የጠራ አማርኛ ትናገር፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ መቆጣጠር ሲያቅታት፣ ድምፁ ይለወጥባት። ፀጋዬ ጋዜጠኛ ነው፣ ጆሮ አለው፤ እሱም ይስማው፣ እኛም እንስማው።

ስለ ኳሱ አንድ ልጨምር፤ የ1960 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ከአዲስ አበባ ሌላ አስመራም ተካሂዷል። እናቴ ከዚያ ውድድር የምታስታውሰው የተጫዋቾቹን ቁመና ነው፤ ውጤቱን አትጠይቋት።

የማታ አርታኢ

ኑሮዬ ፊልም ማረም ነው፤ ከቀረጻ በኋላ ያለውን ጣጣ ሁሉ የምቀበለው እኔ ነኝ። ስለ ምርጫው የምታወሩትን በደስታ አነበብኩ፤ ግን እዚህ አገር ዋናውን ተዋናይ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ዳይሬክተሩ አይደለም። ገንዘቡን ያወጣው ሰው ነው፤ ጥያቄውም አንድ ነው፦ «ሰው ያውቃታል?» ክፉ ሆኖ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ቅዳሜና እሑድ ካልሞሉ ፊልሙ ከሲኒማ ቤት ይወርዳል፤ ብድሩ ግን አይወርድም። የሰላማዊት ሐሳብ የገባኝ ለዚህ ነው፤ ለባለገንዘቡም ለመጽሐፉም የሚበቃ ነገር አላት።

ፀጋዬን በተመለከተ እኔ ብሆን ዐይኔን ጨፍኜ ነው የምመርጠው። መጽሐፉ በአንደኛ መደብ የተጻፈ ስለሆነ ፊልሙ የትረካ ድምፅ መጠቀሙ አይቀርም፤ ያ ድምፅ ከደከመ በምስል የሚታደገው የለም፤ ስንቱን ሞክሬ አይቻለሁ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ጉዱ ካሳን በዐይኑ ያየ ማን አለ? ነገር ግን ያ ትውልድ ጉዱ ካሳን ከጎረቤቱ ለይቶ ያውቀዋል። ለፈተናው የሚመጡትን ወንዶች ሁሉ ከመጋረጃ ጀርባ አንድ ገጽ አስነብባቸዋለሁ፤ መልኩን ከዚያ በኋላ እናያለን።

ለአስመራ ቦታ ከተፈለገ ባሕር ዳርን ተዉትና ጎንደር ፒያሳ ሂዱ። ፖስታ ቤቱና ሲኒማ ቤቱ በጣሊያን ጊዜ የተሠሩ ናቸው፤ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ለያዘ ሰው ግማሹ ሥራ አልቋል። የጦር ግንባሩን ናቅፋን ግን በአነስተኛ በጀት አትሞክሩት። አንድ ጉድጓድ ቆፍሮ አሥር ልጆችን ደጋግሞ ማስሮጥ ናቅፋ አይሆንም፤ ከሩቅ በሚሰማ መድፍና በሰዎቹ ፊት ብቻ ቢያልፉት ይሻላል።

ቡናማው

የፊልሙን ለእናንተ፤ እኔ ለኳሱ መጣሁ።

ጋሼ፣ ጥር 13ን ካነሡ አይቀር፣ ኔልስፕሩት ላይ ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 የተለያየነውም ጥር 13 ቀን ነው፣ በ2005 ዓ.ም.። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለስንበት የመጀመሪያ ጨዋታ፣ ያውም ከዋንጫው ባለቤት ጋር። ሳላዲን ሰዒድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፣ ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ፣ ከእረፍት በፊት ጎል ተቆጠረብን። ከእኔ ጋር ቴሌቪዥን ይመለከቱ ከነበሩት ግማሾቹ ሒሳብ ከፍለው ሄዱ። በአሥር ሰው አዳነ ግርማ ሲያገባ ከመንገድ እየሮጡ ተመለሱ፤ አንዱማ የሰው ጫማ አድርጎ ነበር የመጣው።

ይህን ያነሣሁት «አጥቂ የለንም» ስላሉ ነው። አጥቂ ስለነበረን አይደለም እዚያ የደረስነው። ከዚያ በፊት በማጣሪያው ካርቱም ላይ ሱዳን 5 ለ 3 ረትቶን አልነበረም? ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም 2 ለ 0 አሸንፈን ከሜዳ ውጪ ባገባነው አለፍን። ካታንጋ የሚባለው የደጋፊ መቀመጫ ከማለዳ ጀምሮ ሞልቶ ነበር። የሱዳን ተጫዋቾች ለማሟሟቅ ሲወጡ ቀና ብለው ወደ ደጋፊው ያዩ ነበር፤ ያቺን አስተያየት አልረሳትም፣ ጨዋታው ያኔ ነው ያለቀው። አሁን ያንን ሕዝብ ሞሮኮ ማን ይወስደዋል? 29 ጎል የሚያገባ ልጅ ቢመጣም ባዶ ወንበር ፊት ነው የሚጫወተው። የአደይ አበባ ስታዲየም በሩን ይክፈት፣ ካፍ ይፍቀድልን፣ ስለ አጥቂው ያኔ እንከራከራለን።

አቡበከርን ግን አትተዉት። እኔ የቡና ደጋፊ ነኝ፤ በ2003 ዓ.ም. ያገኘነውን አንድ የሊግ ዋንጫ ይዤ እስከ ዛሬ እጠብቃለሁ፤ አንድ ተጫዋች ከጉዳት እስኪያገግም መጠበቅ ለእኔ ምንም አይደለም።

የጌዛ ባንዳው

ሰላማዊት ልጄ፣ ስለ ሮማን ረታሽኝ። መስኮቱንና ዋሽንቱን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። በዘንባባው ግን አልለቅሽም። ባሕር ዳር ይሞቃል፣ ሰው ትከሻውን ጥሎ ነው የሚሄደው። አስመራ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አመሻሽ ላይ ብርድ አለ፣ ሹራብ በትከሻ ላይ ጣል ይደረጋል፣ ወንዶቹ ኮታቸውን አያወልቁም። ተዋናይ የሚያልበው ከሆነ አስመራ ነኝ ቢል ማንም አያምነውም። አርታኢው ያለውን ጎንደርን እቀበላለሁ፤ በጥር ይቀረጽ።

አርታኢው፣ ከመጋረጃ ጀርባ የሚለው ሐሳብህ ለብሔራዊ ቡድኑም ቢሠራ ደስ ባለኝ። ዝና የሌለውን፣ ክፍለ ሀገር የሚጫወተውን ልጅ ማሊያው ሳይታይ ኳስ ሲነካ ብቻ የሚያይ አሠልጣኝ ስጠኝ።

ቡናማው፣ እውነት አለህ፤ አባቴም ያን የ1954ቱን ጨዋታ ሲያወራ ከጎሎቹ ይልቅ የሚቆይበት የደጋፊው ጩኸት ላይ ነበር። ቢሆንም ሜዳው እስኪከፈት አጥቂ አንፈልግ ማለት አይደለም። ፊት ለፊት ካርታ ዘርግቼ አይቼዋለሁ፤ ሞያሌ ላይ ማደር ግድ ይመስላል። የምትሄድ ከሆነ አንድ ክፍል ለሁለት እንይዛለን፤ የማንኮራፋው ትንሽ ነው።

ወዲ አስመራ፣ የእናትህ «ቀ» ጉዳይ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ነው። የእኔ ፊያሜታ ሁልጊዜ ጠረን ያለው አማርኛ ነበር የምትናገረው፤ የአንተ ደግሞ አንዴ ብቻ። የእኔን ለመተው ገና አልቆረጥኩም። እስኪ እናትህን ጠይቅልኝ፤ ፊያሜታን ማን ትሁን ትላለች?

ወዲ አስመራ

ጠየቅኳት። «ልብሷን የሚሰፋው ማን እንደሆነ ሳልሰማ ስለ ተዋናይት አልናገርም» አለች። ቀጥላም የአስመራ ልብስ ሰፊዎችን ስም መቁጠር ጀመረች፤ እየጻፍኩ ነው፣ ገና አልጨረሰችም።