የዉዲ ስትሮድ ምሽት፦ ሰኞ ለማኅበራችን ቦርድ የሚቀርበው ዕቅድ

ጸሐፊዋ፦ ረቂቁን ደግሜ ለጥፌዋለሁ። ቀኑ ጁላይ 25፣ የልደቱ ዕለት ነው። ስትሮድ የፉትቦል ተጫዋችና የፊልም ተዋናይ ነበር፣ የዚሁ ከተማ ልጅ ነው። በ1914 ሎስ አንጀለስ ተወለደ፣ በ1994 የመጨረሻ ቀን ከዚሁ ብዙ ሳይርቅ ግሌንዶራ አረፈ። ሁለት ፊልም እናሳያለን፤ «ስፓርታከስ» እና «ሳጅን ራትሌጅ»፣ ሁለቱም የ1960 ናቸው። በመሐል ስለ ሕይወቱ ንግግር ይኖራል። መግቢያ 25 ዶላር፣ ለልጆች ነፃ። ትርፉ ለቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት ይሆናል። ለፖስተሩ «አሥርቱ ትእዛዛት» ላይ የኢትዮጵያ ንጉሥ ሆኖ የቆመበትን ፎቶ መርጫለሁ። እስከ ዓርብ ጻፉ።

ገንዘብ ያዥ፦ ሁለቱንም በአንድ ምሽት? ስፓርታከስ ብቻውን ከሦስት ሰዓት በላይ ነው። አዳራሹ የሚያስከፍለን በሰዓት ነው። ደግሞ ዲቪዲ ይዞ መጥቶ ለሕዝብ ማሳየት አይቻልም፣ ፈቃድ ይከፈልበታል። ማን ነው የሚጠይቀው?

ፌርፋክስ (በሰፈሩ ስም የምንጠራው)፦ ለእኔ ተዉት። እስከ ረቡዕ መልስ ይዤ እመጣለሁ።

የቀድሞ ሊቀመንበር፦ ፈቃዱ ይቆየን። ፖስተሩን አልቀበልም። ያ ንጉሥ እኮ ሙሴ አሸንፎት ፈርዖን ፊት የቀረበ ንጉሥ ነው። ከላይ የተሸነፈ የኢትዮጵያ ንጉሥ፣ ከሥር የማኅበራችን ስም! ይህንን ትንሿ ኢትዮጵያ መሐል ልትለጥፉት? ሰፈሩ በስማችን እንዲጠራ በ2002 ያን ሁሉ ደጅ የጠኑ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ።

ተማሪው፦ ጋሼ፣ ፊልም እኮ ነው። በዚያ ላይ እዚያ ውስጥ ኢትዮጵያ የሚባለው ከግብፅ በታች ያለው ኩሽ ነው።

የቀድሞ ሊቀመንበር፦ ፖስተሩ ላይ የሚጻፈው ኩሽ ነው ኢትዮጵያ?

ነርሷ፦ ትናንት ከሥራ ገብቼ ያንን የፊልሙን ክፍል ከፍቼ አየሁት። ልዑሉ ራምሴስ «ፈርዖን ፊት አንበርክካቸው» ይላል። ሙሴ ደግሞ አንተ ያሸነፍካቸው አይደሉም ብሎ አፉን ያስይዘዋል። ከዚያ ንጉሡንና እህቱን ወዳጅ፣ የደቡቡን በር የሚጠብቁ አጋሮች አድርጎ ያቀርባቸዋል። ምርኮኛ አይደለም።

የቀድሞ ሊቀመንበር፦ አጋር የሆነው ከተሸነፈ በኋላ ነው። አትሸፋፍኑት።

ኢንግልዉድ (እሱም በሰፈሩ ስም)፦ ነገሩን ላክርረው እንጂ፣ እዚያው ፊልም ላይ ስትሮድ ሌላም ቦታ አለ። የፈርዖንን ልጅ በቃሬዛ ከሚሸከሙት ባሮች አንዱ እሱ ነው። በአንድ ፊልም ንጉሥም ባሪያም አደረጉት። በ1956 ለጥቁር ተዋናይ የነበረው ሥራ ይኸው ነበር። ንግግሩ ከዚህ ቢጀምር እወዳለሁ።

የቀድሞ ሊቀመንበር፦ ይባስ! ንጉሣችን እዚያው ፊልም ላይ ተሸካሚ ሆኖ የተሠራ ነውና ፖስተር እናድርገው?

ተማሪው፦ እርስዎ ሁሌ እንዲህ ነው። የዓድዋው በዓል ጊዜም በባንዲራው መጠን ስንጨቃጨቅ ዝግጅቱ ሳይሳካ ቀረ።

የቀድሞ ሊቀመንበር፦ አንተ ልጅ አፍህን ሰብስብ። ያ ባንዲራ የተገዛው ከእኔ ኪስ ነው። ገንዘብ ያዡ ይመስክር።

ገንዘብ ያዥ፦ እውነት ነው፣ ገንዘቡ አልተመለሰለትም። ግን ያንን እዚህ አንፍታው። አዳራሹ ቀብድ ይፈልጋል።

ጸሐፊዋ፦ ዕቅዱን ያመጣሁት በአንድ ፎቶ እንድንጣላ አይደለም። ሰውየውን ስለማትነግሩልኝ እኔ ልናገር። ከ1934 እስከ 1945 በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ አንድም ጥቁር አልተጫወተም። በ1946 የፉትቦል ቡድኑ ራምስ ከክሊቭላንድ ወደዚህ ከተማ ሲመጣ ኮሊሲየም ስታዲየምን ፈለገ። ኮሊሲየም የሕዝብ ንብረት ነው። የጥቁር ጋዜጠኞች «በእኛ ግብር በተሠራ ሜዳ ላይ እኛን አግላችሁ አትጫወቱም» ብለው ያዟቸው። መጀመሪያ ኬኒ ዋሽንግተን ፈረመ፣ ቀጥሎ ስትሮድ። ጃኪ ሮቢንሰን ዋናው የቤዝቦል ሊግ የገባው በዓመቱ ነው። ሦስቱም ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ዩኒቨርሲቲ አንድ ቡድን ውስጥ ነበሩ። ስትሮድ ከራምስ ጋር የቆየው አንድ ዓመት ብቻ ነው። ካናዳ ወረደ፣ በ1948 ከካልጋሪ ጋር ዋንጫ በላ። ከዚያ ነፃ ትግል፣ ከዚያ ቴሌቪዥን፣ «ማንድሬክ ዘ ማጂሽያን» ላይ የአስማተኛው ጓደኛ ሎታር ሆኖ። ፊልም ላይ ስሙ ሲገን ዕድሜው ከ40 አልፎ ነበር። ለስፓርታከስ ለጎልደን ግሎብ ሽልማት ታጨ። ይኼ ሰው ለልጆቻችን መነገር የለበትም?

ነርሷ፦ አለበት። ፎቶውን ቀይሪውና እንለፍ። ስፓርታከስ ላይ የተጫወተውን ግላዲያተሩን ድራባን አድርጊው። እሱም ኢትዮጵያዊ ነው፣ እሱን ማንም አላሸነፈውም። ስፓርታከስን መሬት ላይ ጥሎ፣ ጦሩን አንገቱ ላይ ደግኖ፣ ጨርሰው ሲሉት እምቢ አለ። ጦሩን ወደ ተመልካቾቹ ወርውሮ ወደ ሮማውያኑ ወጣ። አመፁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የቀድሞ ሊቀመንበር፦ ይኼ ይሻላል። ይኼንን ከመጀመሪያው ብታመጡት ኖሮ ማን ይጣላ ነበር? ልጄ፣ አንተንም የተናገርኩህ ተናድጄ ነው።

ተማሪው፦ እሺ ጋሼ።

ኢንግልዉድ፦ ድራባ ራቁት ደረቱን ነው። እናቶች ቤተ ክርስቲያን ሰሌዳ ላይ አይለጥፉልንም። ከ«ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት» መክፈቻ ያለውን እንውሰድ። ባቡር ጣቢያ ቆሟል። ከላይ ውኃ መላጣው ላይ ጠብ ይላል። አይንቀሳቀስም፣ ቀና ብሎ ያይና ባርኔጣውን ይደፋል። ውኃው ባርኔጣው ክፈፍ ላይ ይጠራቀማል። ባቡሩ ሲመጣ አውልቆ ይጠጣዋል። ሙሉ ልብስ ለብሷል። ቃል ሳይናገር ፊልሙን ይዞታል።

የቀድሞ ሊቀመንበር፦ እዚያ ላይ ቅጥረኛ ገዳይ ነው። ወዲያው ነው የሚገደለው።

ነርሷ፦ ድራባስ አልሞተም? ሬሳውን ነው ቁልቁል የሰቀሉት።

የቀድሞ ሊቀመንበር፦ ድራባ በክብር ሞተ። አታመሳስሉብኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ረቡዕ አለፈ። ፌርፋክስ፣ ፈቃዱ ምን ደረሰ?

ገንዘብ ያዥ፦ ፌርፋክስ?

ጸሐፊዋ፦ ስልክም አያነሳም። ንግግሩን አዘጋጃለሁ ያለውም ሰው ዝም ብሏል።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲያው ፊልሙን እርሱት። ያለ ፈቃድ ፊርማዬን አላኖርም። እራትና ንግግር ይሁን። ጁላይም አልወደድኩትም። ሰው ከኢትዮጵያውያን የኳስ ፌስቲቫል ሲመለስ ኪሱ ባዶ ነው። ወደ ኦገስት ይገፋ።

ነርሷ፦ ኦገስት ፍልሰታ ነው። ሥጋ ማቅረብ አይቻልም።

ገንዘብ ያዥ፦ የጾም በያይነቱ ይቀርባል። ወጪውም ይቀንሳል።

ጸሐፊዋ፦ የልደቱ ቀን ቀረ ማለት ነው?

ተማሪው፦ ልጆቹ እራትና ንግግር ላይ አይቀመጡም። «ቶይ ስቶሪ» ላይ ያለው ሸሪፍ ዉዲ ስሙን ያገኘው ከስትሮድ ነው። ከሰዓት በኋላ ለልጆች የሥዕል ውድድር እናድርግ። ወላጅ ልጁን ተከትሎ ይመጣል። ሥዕሉን እኔ አስተባብራለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ይኼ ያስኬዳል። መግቢያውም ወደ 15 ይውረድ።

ኢንግልዉድ፦ የሥዕል ውድድር? ሳጅን ራትሌጅ የት ገባ? ጥቁር ፈረሰኛ በሐሰት ተከሶ ፍርድ ቤት የቆመበት፣ እሱ ዋናውን ሰው የተጫወተበት ፊልም ነው። በዚያ ዘመን በጆን ፎርድ ፊልም ላይ ጥቁር ዋና ሆኖ ሲቀርብ እኮ ነው! የመጣነው ለዚህ ነበር።

የቀድሞ ሊቀመንበር፦ እኔ ሌላ ሐሳብ አለኝ። መቃብሩ ሪቨርሳይድ ብሔራዊ መቃብር ነው፣ የዘማቾች ቦታ። ሽማግሌዎቹን በአውቶቡስ ይዘን እንሂድ፣ አበባ እናኑር። የአውቶቡሱን ግማሽ እኔ እችላለሁ።

ነርሷ፦ እኔ እመዘገባለሁ። እናቴንም ይዤ።

ጸሐፊዋ፦ ለቦርዱ የምጽፈው የቱን ነው? እስካሁን ያለው፦ ኦገስት፣ የጾም እራት፣ የልጆች ሥዕል፣ የሪቨርሳይድ ጉዞ። ፊልም የለም። ፖስተሩ ድራባ ነው ወይስ ባርኔጣው?

የቀድሞ ሊቀመንበር፦ ድራባ። ከአንገት በላይ ይቆረጥ።

ኢንግልዉድ፦ ከአንገት በላይ ከሆነ ማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? ጦሩና መረቡ መታየት አለበት።

ገንዘብ ያዥ፦ በፎቶው ላይ ሰኞ ተነጋገሩ። የአዳራሹን ቀብድ 400 ዶላር ለጁላይ 25 የከፈለው ፌርፋክስ ነው፣ ደረሰኙም እሱ ጋ ነው። ቤቱን የሚያውቅ ሰው ዛሬ ማታ ይሂድልኝ። ቀኑን ለመቀየር ደረሰኙን አምጡ ብለውኛል።