8 ቁጥር ማሊያ ይሰቀል ወይስ ይወረስ? 13ስ?

የሳላይሽ ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ደሴ ላይ ለሰፈር ቡድን አዲስ ማሊያ ልናሳትም ነው፤ ከ1 እስከ 20፣ ቀይ በነጭ ቁጥር። ሁለት ነገር አላስማማንም። ብዙ ዓመት 8 የለበሰው አምበላችን ጫማውን ሰቅሏል። ግማሹ «ከእንግዲህ 8ን ማንም አይልበሰው» ይላል፣ ግማሹ ለታዳጊ ይሰጥ ይላል። ሌላው 13 ነው፤ ገደ ቢስ ነው ተብሎ የሚወስደው ጠፋ። ዘለን 21 እናሳትም? ሌላው ዓለም እንዴት እንደሚያደርግ የምታውቁ ንገሩን።

ቦርከና ማዶ፦
ወንድሜ፣ ቁጥር መስቀል ሥር የሰደደው ቤዝቦል ላይ ስለሆነ ከዚያ ልነሳ። ኒውዮርክ ያንኪስ እ.ኤ.አ. በ1929 ማሊያ ላይ ቁጥር ሲያትም ያደለው በመምቻ ተራ ነበር። ቤብ ሩት ሦስተኛ መቺ ስለነበር 3፣ ሉ ጌሪግ አራተኛ ስለነበር 4 ደረሳቸው። በቤዝቦል መጀመሪያ የተሰቀለው ቁጥርም የጌሪግ 4 ነው። ከዚያ ወዲህ ቡድኑ ሲሰቅል ሲሰቅል፣ የዴሪክ ጂተር 2 እ.ኤ.አ. በ2017 ሲታከልበት ከ1 እስከ 10 ድረስ የሚለበስ ቁጥር አልቀረም። ያ ቡድን እስከ 99 መቁጠር ስለሚችል አይጨንቀውም። በ20 ማሊያ ለምትጫወቱት ለእናንተ ግን አንድ ቁጥር ብዙ ነው።

ለእናንተ ጉዳይ የሚቀርበው ደግሞ የያንኪስ 8 ነው። ካቸሩ (ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳስ የሚቀልበው) ቢል ዲኪ ለበሰው፤ በኋላ ሌላው ካቸር ዮጊ ቤራ። እ.ኤ.አ. በ1972 በሁለቱም ስም በአንድነት ተሰቀለ። ዲኪ ሲያቆም ተሰቅሎ ቢሆን ኖሮ ቤራ በ8 ባልታወቀ ነበር። ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይሰጥ ነው፤ ግን ወዲያው አይሁን። አንድ የውድድር ዘመን ይረፍ፣ ከዚያ ተረካቢውን አምበላችሁ ራሱ ይምረጥ፣ ሰው ፊት በእጁ ያልብሰው። ቁጥሩ ክብሩን ይዞ የሚሸጋገረው እንዲህ ነው።

ዓመታዊ መታሰቢያ ካማራችሁ የጃኪ ሮቢንሰንን 42 እዩ። ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1947 በዘመናዊው ትልቁ ሊግ ቀለም የለየውን አጥር የሰበረ ተጫዋች ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1997 ቁጥር 42 በሁሉም ቡድን ተሰቀለ፤ በዚያን ጊዜ ለብሰው የነበሩት ግን እስኪያቆሙ አልተነጠቁም። የመጨረሻው ማሪያኖ ሪቬራ እስከ እ.ኤ.አ. 2013 ለብሶታል። በዓመት አንድ ቀን፣ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 15፣ ተጫዋቹ ሁሉ 42 ለብሶ ይገባል። እናንተም ለአምበላችሁ ክብር በምታደርጉት የወዳጅነት ጨዋታ ሁላችሁ 8 ልትለብሱ ትችላላችሁ፤ በውድድር ጨዋታ ግን አይሆንም፣ ዳኛው ካርድ የሚመዘግበው በቁጥር ነው።

የሆጤ ተመልካች፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ልጨምር። ከመስቀላችሁ በፊት የምትገቡበትን ውድድር ደንብ አንብቡ። አርጀንቲና ለማራዶና ክብር 10ን ከ2002ቱ የዓለም ዋንጫ ዝርዝር አውጥታ ነበር፤ ፊፋ ከ1 እስከ 23 ሳይዘለል ይሞላ ብሎ መለሰው፣ 10ም ኦርቴጋ ላይ አረፈ። ሚላን የማልዲኒን 3 ሲሰቅል ደግሞ ልጆቹ ለዋናው ቡድን ከደረሱ ሊለብሱት በር ትቷል። ሙሉ ለሙሉ ከመዝጋት እንዲህ በር ያለው መስቀል ይሻላል።

13ን በተመለከተ፣ ፍርሃቱ ከፈረንጅ የመጣ ነው። ኢዩሴቢዮ በ1966 የዓለም ዋንጫ 13 ለብሶ 9 ጎል አገባ። ጌርድ ሙለር በ1970 በዚሁ ቁጥር 10 አገባ። ቤዝቦል ላይ ኳስ ወርዋሪው ራልፍ ብራንካ 13 ለብሶ እ.ኤ.አ. በ1951 የቦቢ ቶምሰንን ሆም ራን (ከሜዳ የወጣ ምት) አስመትቷል፤ አንድ ውርወራ ቁጥርን አያረክስም። ለእኛማ ወራችንም 13 ነው። ወር በገባ በ13 እግዚአብሔር አብ ነው፤ 12ን ለሚካኤል፣ 23ን ለጊዮርጊስ ብሎ የሚመርጥ ልጅ 13ንም በደስታ ይወስዳል። ማንንም ግን አታስገድዱ። ቁጥሩ የከበደው ልጅ ኳስ በተበላሸበት ቁጥር ማሊያውን ያማርራል። አሳትሙት፣ ሳጥን ውስጥ ይቆይ፤ ፈልጎ የሚወስደው ይመጣል።

ማሊያ አታሚ ፒያሳ፦
የኅትመቱን ነገር እኔ ልናገር። ቀይ ፖሊስተር ላይ ነጭ ቁጥር አስቸጋሪው ሥራ ነው። ቁጥሩን በሙቀት የሚጫነው ማሽን በጣም ከጋለ የጨርቁ ቀለም ተንኖ ነጩ ውስጥ ይገባል። ስትረከቡ ንጹሕ ነው፤ ከቀናት በኋላ 8 ቁጥራችሁን ጽጌረዳ ቀለም መስሎ ታገኙታላችሁ። ቀለም የሚያግድ ቪኒል (በሙቀት የሚለጠፍ ስስ ፕላስቲክ) መሆኑን ጠይቁ፤ ሙቀቱ 130 ዲግሪ አካባቢ፣ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ፣ ከቪኒሉ ጋር የመጣው መመሪያ የተለየ ካለ በእሱ። መጀመሪያ ማሊያውን ባዶውን 5 ሰከንድ ይጫኑት፤ በደሴ ክረምት ጨርቅ ጭጋጉን ይጠጣል፣ እርጥበት ካለበት ጠርዙ ቶሎ ይላቀቃል። ሌላው የመላቀቅ ምክንያት ቀዝቅዞ መነሳት ያለበትን የቪኒሉን መሸፈኛ ፕላስቲክ በትኩሱ መላጥ ነው። 20ውንም ከማተማችሁ በፊት አንዱን አሳትማችሁ ጥቂት ቀን አቆዩት።

የጀርባው ቁጥር ለአዋቂ 25 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የተቆረጠ ቁጥር በፍሬ የምትገዙ ከሆነ በሁሉም እኩል አትግዙ። ከ1 እስከ 20 ለማተም 31 ፍሬ ይበቃል፤ ከዚያ ውስጥ 12ቱ 1 ነው። 2 ሦስት፣ ሌላው ሁለት ሁለት። 13ን በ21 ብትተኩም 1 ያው 12 ነው። ብዙ ጊዜ የሚጎድለውም እሱ ነው።

የሳላይሽ ልጅ፦
አላህ ይስጥልን፣ እግዜር ይስጥልን። 8ን ለሚረከበው ልጅ የአምበሉን ስም ማሊያው ላይ ብናደርግስ?

ማሊያ አታሚ ፒያሳ፦
አብሽር፣ ይሆናል። ከውስጥ፣ አንገቱ ሥር፣ 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባላት ጽሑፍ። ጀርባ ላይ ከሆነ ተመልካቹ የልጁ ስም ይመስለዋል። ከውስጥ የሚታተመው ቆዳ ስለሚነካ ለስላሳውን ስስ ቪኒል አስመርጡ። ካሳተማችሁ በኋላ 24 ሰዓት አትጠቡት፤ ከዚያም ገልብጣችሁ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ያለ በረኪና፣ ጥላ ላይ አስጡት።