በቡሸል የሚገኙት የኑክሌር ቦምቦች ይቆዩ ወይስ ይውጡ?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያችን በምዕራብ ጀርመን፣ ከኮኸም ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው የቡሸል አየር ምድብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የጀርመን አየር ኃይል 33ኛ ክንፍ መቀመጫ በሆነው በዚህ ምድብ የአሜሪካ የኑክሌር ቦምቦች እንዳሉ በሰፊው ይታመናል። ተመራማሪዎች ቁጥራቸው እስከ 20 ይደርሳል ብለው ይገምታሉ። ቦምቦቹ ይቆዩ ወይስ ይውጡ?

ደጋፊ፦ ይቆዩ ባይ ነኝ። ጀርመን የኑክሌር መሣሪያ ላለማምረት በ1954 ቃል ገብታለች፤ ስለዚህ በዚህ ረገድ መከታዋ ኔቶ ነው። ቦምቦቹን የሚጠብቁት አሜሪካውያን ሲሆኑ የጀርመን ድርሻ አውሮፕላንና አብራሪ ማቅረብ ነው፤ በዚህም ምክንያት ኔቶ ስለ ኑክሌር ሲመክር ቃሏ ይደመጣል። ሩሲያ በ2022 ዩክሬንን ከወረረች በኋላ ቦምቦቹን ያለ አንዳች ምላሽ ማስወጣት ለሞስኮ ሲሳይ ነው።

ተቃዋሚ፦ ወንድሜ ያነሱት የወረራው ጉዳይ ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ቦምቦቹ ከወረራው በፊትም እዚያው ነበሩ፤ ወረራውን አላስቀሩትም። እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ የሕጉ ነገር ነው። በሰላም ጊዜ ቦምቡ በአውሮፕላኑ መጠለያ ወለል ሥር በተሠራ ካዝና ተቆልፎ በአሜሪካ ወታደሮች እጅ ይቆያል፤ የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ከፈቀደ ግን በቶርናዶ አውሮፕላን ላይ ተጭኖ ጀርመናዊ አብራሪ ይዞት ይነሳል። ጀርመን በ1975 ያጸደቀችው የኑክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለው ስምምነት፣ በሁለተኛው አንቀጹ፣ የመሣሪያው ባለቤት ያልሆነ አገር መሣሪያውንም ሆነ በእርሱ ላይ የማዘዝ ሥልጣንን በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ከማንም እንዳይቀበል ያስገድዳል። ጦርነት በመጣ ጊዜ የሚቀር ቃል ኪዳን ከሆነ፣ ታዲያ የተፈረመው ለየትኛው ጊዜ ነው?

የሕዝብ ተወካዮች ድምፅ ወዴት እንደገባም ሊጠየቅ ይገባል። የጀርመን ፓርላማ በማርች 2010፣ ገዥዎቹም ተቃዋሚዎቹም ፓርቲዎች ተባብረው ባጸደቁት ውሳኔ፣ መንግሥት ቦምቦቹ ከጀርመን እንዲወጡ አበክሮ እንዲሠራ ጠይቆ ነበር። ከ12 ዓመት በኋላ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ያረጁትን ቶርናዶዎች የሚተኩ 35 የኤፍ-35 አውሮፕላኖች በ10 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ እንዲገዙ ተወሰነ። ቦምቦቹን በመቃወም የምድቡን አጥር ቆርጠው የገቡ ሰዎች ፍርድ ቤት ቀርበው ተቀጥተዋል፤ አንዳንዶቹም ታስረዋል። በአጥሩ ውስጥ ስላለው ነገር ግን መንግሥት ለገዛ ዜጎቹ አያረጋግጥም፣ አያስተባብልምም።

ደጋፊ፦ ዩክሬን የኔቶ አባል ስላልሆነች የቡሸል ቦምቦች እርሷን ይታደጋሉ ተብሎ አልተጠበቀም፤ ይህንን ማነጻጸሪያዎን አልቀበልም። የ2010 ውሳኔም ቢሆን ከአጋሮች ጋር በመመካከር ይፈጸም የሚል እንጂ ጀርመን ብቻዋን ትወስን የሚል አልነበረም። ስምምነቱ ሲፈረምም ይህ አሠራር የነበረና የታወቀ ነው። በግልጽነቱ ላይ ያነሱት ነጥብ ግን ትክክል ነው፤ የአካባቢው ነዋሪ ከቤቱ አጠገብ ምን እንደተቀመጠ የማወቅ መብት አለው።

ተቃዋሚ፦ የዩክሬኑን ነጥብዎን እቀበላለሁ፤ ስለ ስምምነቱ ያሉትን ግን አልቀበልም። አንድ አሠራር አስቀድሞ መኖሩ ሕጋዊ አያደርገውም፤ በርካታ የስምምነቱ አባል አገሮችም ይህንኑ በየጉባኤው ያነሳሉ። በግልጽነቱ ከተስማማን ዘንድ ግን አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ፦ አዲሶቹ አውሮፕላኖች ቡሸል ከመድረሳቸው በፊት ፓርላማው ጉዳዩን በግልጽ ስብሰባ ይምከርበት፤ እያንዳንዱም ተወካይ በስሙ ድምፁን ይስጥ።