ዶሪስ ሳልሴዶ ጫማዎቹን ለምን ሸፈነቻቸው?

የቀበና ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አሜሪካ አንድ ሙዚየም ገብቼ የኮሎምቢያዊቷን የሥነ ጥበብ ሰው የዶሪስ ሳልሴዶን «አትራቢሊያሪዮስ» የሚባል ሥራ አየሁ፣ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ግድግዳው ተፈልፍሎ በየጉድጓዱ ያረጀ ጫማ አለ፣ አብዛኛው የሴት። ስስ ቆዳ መሳይ ነገር ተወጥሮበት ዙሪያውን በጥቁር ክር ተሰፍቷል። ባለቤቶቹ ታፍነው የጠፉ ሰዎች ናቸው። ያልገባኝ፣ እንድናስታውሳቸው ከፈለገች ለምን ትሸፍናቸዋለች? ብጠጋ ብጠጋ ይባስ ደበዘዘብኝ።

ሰዓሊው፦
ሽፋኑ የላም የሽንት ፊኛ ነው፣ ክሩም ሐኪም ቁስል የሚሰፋበት። ስፌቱን አይተኸዋል? ሻካራ ነው፣ ገና እንዳልሻረ ቁስል። ሳልሴዶ ሰው የጠፋባቸውን ቤተሰቦች እየሄደች ታነጋግር ነበር፣ ጫማዎቹንም የሰጧት እነሱ ናቸው። ከጅምላ መቃብር የወጣ አስከሬን አንዳንዴ የሚለየው በጫማው ነበር። እኔን ግን ይበልጥ የያዘኝ የወንበሮቹ ሥራዋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ቦጎታ ውስጥ ታጣቂዎች «የፍትሕ ቤተ መንግሥት» የሚባለውን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕንፃ ያዙ፣ ጦሩ ገባ፣ ብዙ ሰው አለቀ። በ17ኛ ዓመቱ፣ በ2002፣ 280 ያህል ባዶ ወንበሮችን ከአዲሱ ሕንፃ ጣሪያ በግድግዳው ላይ ቀስ በቀስ አወረደች። 53 ሰዓት ፈጀ። ንግግር የለ፣ ሥነ ሥርዓት የለ። መንገደኛው ቆም ብሎ ያያል፣ በቃ።

የጉለሌዋ፦
ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ አያቴ ትዝ አለችኝ። አጎቴን በ1970 ዓ.ም. ማታ ከቤት ወሰዱት፣ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ቡናማ ጫማው አልጋዋ ስር በካርቶን ነበር፣ ተረከዙ ወደ አንድ ጎን የተበላ። ለበዓል ቤት ሲጸዳ አውጥታ ትወለውለውና በጋዜጣ ጠቅልላ ትመልሰዋለች። አንድ ጊዜ ለተቸገረ ሰው እንስጠው ብንላት «ሲመጣ ምን ሊያደርግ ነው?» አለች። ያኔ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ቁርጡን ያላወቀ ሰው እርሙን አያወጣም። ሽፋኑም ለእኔ ይሄ ነው፤ አለ እንዳትል ሰውየው የለም፣ የለም እንዳትል ጫማው አለ።

ሰዓሊው፦
ልክ ነሽ እህቴ። መስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ስገባ የሟቾቹን ልብስ ቁልጭ አድርጌ ነው ያየሁት። እነዚያ ቢያንስ ተገኝተዋል። ሳልሴዶ የሸፈነችው ያልተገኙትን ለሚጠብቁት ሰዎች ብላ ይመስለኛል።

የቀበና ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ። የጉለሌዋ፣ ጫማው አሁን የት ነው?

የጉለሌዋ፦
አያቴ ስታርፍ እናቴ ወሰደችው። እሷም አልጋዋ ስር ነው ያስቀመጠችው።